አንድ አትሮንስ፣ ብዙ መጽሐፍ

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከገደሉ አለት የተፈለፈለችው አሸተን ማርያም ትገኛለች። ትውፊቱ ሕንፃዋን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የዛጉዌ ንጉሥ ከነአኩቶ ለአብ ጋር ያያይዘዋል። አቀበቱን በእግሩ ወይም በበቅሎ ወጥቶ ለደረሰ እንግዳ ካህናቱ መስቀሎቹንና በሥዕል ያጌጠውን ብራና ከውስጥ ወደ ብርሃን አውጥተው ያሳያሉ። ስለ ኮምፒውተር መስኮቶች የሚተርክ ጽሑፍ ከዚህ መጀመሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ መጽሐፍ በጠባብ ቦታ ይዞ ሳያደባልቁ መሥራት በሀገራችን አብያተ ክርስቲያናት ኮምፒውተር ከመታሰቡ ከብዙ ዘመን በፊት ሥርዓት የተበጀለት ጉዳይ ነው። ብራናው በቆዳ ማኅደር ይከተታል፤ ማኅደሩ በማንገቻው ከግድግዳ ይሰቀላል። አትሮንሱ የሚይዘው አንድ መጽሐፍ ነው። ቅዳሴ ሲደርስ ግን ከጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታትና ከሐዋርያት ሥራ ይነበባል፤ ምስባኩ ከመዝሙረ ዳዊት ይሰበካል፤ ከዚያም ወንጌሉ ይነበባል። ለየትኛው ዕለት የትኛው ምዕራፍ እንደሚነበብ የሚወስነው ግጻዌ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ምንም ያህል መጻሕፍት ቢኖሯት፣ የሚወርደው ለዕለቱ የተመደበው ብቻ ነው፤ ሌላው በማኅደሩ ተሰቅሎ ተራውን ይጠብቃል።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው መስኮት በመስኮት ላይ ተደራርቦ ሲያስቸግረው ጥፋቱን ስክሪኑ ላይ ይጥላል፤ ጠቦኛል ይላል። ባለፉት 50 ዓመታት የሆነውን በቅደም ተከተል ያየ ግን ችግሩ የሥራ መደባለቅ እንደሆነ ይረዳል። መድኃኒቱም መስኮቶችን በየሥራቸው ለይቶ፣ የሚሠራበትን ብቻ ፊት ለፊት ማቆም ነው። ቨርቹዋል ዴስክቶፕ የሚባለው፣ አንዱን ስክሪን ብዙ የተለያየ የሥራ ጠረጴዛ እንዳለው አድርጎ የሚከፋፍለው ዘዴ የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ በሁለት አገር በአንድ ዓመት ይጀምራል። በ1973 አሜሪካ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል አልቶ የሚባል ኮምፒውተር ሥራ ጀመረ። ማውስ ነበረው፤ ሥዕል የሚያሳይ ስክሪንም ነበረው። በዚያው ማዕከል የተሠራው ስሞልቶክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በስክሪኑ ላይ እርስ በርስ የሚደራረቡ መስኮቶችን አስተዋወቀ። በዚያው በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ገዳማዊ የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የጀመሩት ይህ ሥራ በመጨረሻ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎችን በፊልም አስቀርቷል፤ ከእነዚህም መካከል የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ብራናዎች ይገኙበታል። ፊልሞቹን ገጽ በገጽ እያነበቡ፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት፣ ዘመንና የኅዳግ ጽሑፍ በካታሎግ ካሰፈሩት ሊቃውንት መካከል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛሉ።

የካታሎግ ሥራ ምን እንደሚጠይቅ ማሰብ ተገቢ ነው፤ የመስኮቶች ታሪክ ለማን እንደሚጠቅም የሚያሳየው እሱ ነውና። ማይክሮፊልም በማንበቢያ መሣሪያ ላይ የሚታየው በየተራ ነው። አንድን ገድል ከሌላ ገዳም ቅጂ ጋር ማስተያየት የሚፈልግ ሰው ወይ ጥቅሉን ያወጣል፣ ሌላ ያስገባል፣ ወይ የመጀመሪያውን በእጁ ገልብጦ ከጎኑ ያስቀምጣል። ከዚህ ሌላ መዝገበ ቃላት አለ፣ ቀድሞ የታተመ ካታሎግ አለ፣ የራሱ ማስታወሻ አለ። ጠረጴዛው በወረቀት ይሞላል። ሊቁ የሚደክመው በንባቡ ብቻ አይደለም፤ የሚፈልገውን ወረቀት ከማይፈልገው መካከል በማውጣትም ጭምር ነው። አልቶ ላይ የተደራረቡት መስኮቶች ይህንኑ ጠረጴዛ ወደ ስክሪን አመጡት፤ ከእነ ጣጣው ነው ያመጡት። ወረቀት በወረቀት ላይ የሚደራረበውን ያህል መስኮትም በመስኮት ላይ ይደራረባል። በ1984 ገበያ የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ስክሪኑ በአግድም 512፣ በቁመት 342 ነጥብ ብቻ ነበረው። በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ደግሞ መስኮቶች እንዳይደራረቡ ከልክሎ ጎን ለጎን ይደረድራቸው ነበር፤ መስኮቱ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ እያነሰ ይሄዳል። በዚያው ዓመት የወጣው አሚጋ ኮምፒውተር ለየፕሮግራሙ የተለያየ ስክሪን መክፈት አስቻለ። ይህ ሁሉ ግን ቦታን የማብቃቃት ሙከራ ነበር።

ችግሩን ከሥሩ ያዩት በ1986 ኦስቲን ሄንደርሰንና ስቱዋርት ካርድ ናቸው። ሁለቱ የዜሮክስ ተመራማሪዎች ሥራቸውን ክፍሎች ብለው ሰየሙት። መነሻቸው የመጣው ስለ ስክሪን ከማይናገር ጥናት ነው። ፒተር ዴኒንግ በ1968 የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ እንዴት መከፋፈል እንዳለበት ሲያጠና፣ አንድ ፕሮግራም በአንድ ወቅት የሚጠቀምበት የመረጃ ክፍል ከጠቅላላው ጥቂቱ እንደሆነ አሳይቶ ነበር። ያ ጥቂት ክፍል አንድ ላይ በማኅደረ ትውስታው ካልተገኘ ማሽኑ ጊዜውን የሚጨርሰው አንዱን አውጥቶ ሌላውን በማስገባት ነው፤ ዋናው ሥራ ይቆማል። ሄንደርሰንና ካርድ ይህን ወደ ሰው አመጡት። ሰው ሲሠራ በአንድ ሥራ ውስጥ ሳለ የሚመላለሰው በጥቂት መስኮቶች መካከል ነው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ሲዞር ሌሎች ጥቂት መስኮቶች ይፈልጋል። የሁሉም ሥራ መስኮቶች አንድ ስክሪን ላይ ሲቆለሉ ሰውየው ጊዜውን መስኮት በማንሳትና በማውረድ ያጠፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ክፍል ይስጡት፤ ክፍሉ የሥራውን መስኮቶች እንደተቀመጡ ይጠብቅ። ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግሩ በሮች አበጁ። አንዱ መስኮት በብዙ ክፍሎች እንዲታይ፣ በየክፍሉም የተለያየ ቦታና መጠን እንዲኖረው ፈቀዱ። ሰው ሲዘዋወር ይዞት የሚሄድ መስኮት እንደ ጓዝ እንዲከተለው አደረጉ። ሁሉንም ክፍሎች አሳንሶ በአንድ ላይ የሚያሳይ ገጽም ጨመሩ። ግጻዌ ለዕለቱ የሚያስፈልገውን ንባብ ከመጻሕፍቱ ሁሉ መካከል እንደሚለይ፣ የክፍሎች አሠራርም ለሥራው የሚያስፈልገውን መስኮት ከተከፈተው ሁሉ ይለያል።

ሐሳቡ ከምርምር ማዕከል ወጥቶ በየቢሮው እስኪደርስ ግን 30 ዓመት ያህል ፈጅቷል። መንገዱ የዩኒክስ ኮምፒውተሮች ዓለም ነበር። በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው ኤክስ የተባለው የመስኮት ሥርዓት መስኮቶችን የማስተዳደሩን ሥራ ለብቻው ለሚቆም ፕሮግራም ስለተወው፣ ማንም ባለሙያ የራሱን አስተዳዳሪ መጻፍ ቻለ። ቶማስ ላስትሬንጅ በ1990 ይፋ ያደረገው ኤስ.ደብሊው.ኤም. ከክፍሎች የተለየ መንገድ ያዘ፤ ከስክሪኑ እጅግ የሚሰፋ አንድ ሜዳ ዘርግቶ፣ ስክሪኑ በሜዳው ላይ እየተንቀሳቀሰ የፈለገውን ወገን እንዲያሳይ አደረገ። በ1993 ሮበርት ኔሽን የጻፈው ኤፍ.ቪ.ደብሊው.ኤም. ሁለቱንም መንገዶች አጣመረ፤ አነስተኛ ማኅደረ ትውስታ ላይ መሥራት መቻሉም በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ ተወዳጅ አደረገው። በዚያው ዓመት ትልልቆቹ የዩኒክስ አምራቾች በጋራ ይፋ ያደረጉት ሲ.ዲ.ኢ. አራት የሥራ ቦታዎችን ቁልፍ ከታች ደርድሮ መጣ። በ1998 ኬ.ዲ.ኢ.፣ በ1999 ደግሞ ኖም የመጀመሪያ ሙሉ ዕትማቸውን ሲያወጡ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ በነጻ ሶፍትዌር ዓለም የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር።

ከሁለቱ መንገዶች የቆየው የክፍሎች መንገድ መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰፊው ሜዳ ቦታ ሰጠ፤ ነገር ግን መስኮቱ ሜዳው ላይ የቱ ጋ እንዳለ ማስታወስን ለሰውየው ተወለት። ክፍሎቹ ግን ቦታውን በሥራው ሰየሙት። አሠራራቸውም ቀላል ነው። አንድ መስኮት ከአንዱ ዴስክቶፕ ወደ ሌላው ተዛወረ ሲባል የሚጓዝ ነገር የለም፤ አስተዳዳሪው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ መስኮት የዴስክቶፕ ቁጥር ይይዛል። ተጠቃሚው ወደ 2ኛው ሲያልፍ 2 ቁጥር ያላቸውን ያሳያል፣ የሌሎቹን ይሰውራል። የተሰወረው ፕሮግራም አይዘጋም፤ የጀመረውን ይቀጥላል። በሁሉም ዴስክቶፕ እንዲታይ የተፈለገ መስኮት ሁሉንም የሚያመለክት ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። ለዚህ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል።

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ላይ ወጥ መለያ ያገኘው በዚሁ ዘመን ነው። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ለእያንዳንዱ ፊደላችን ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በአንድ ፎንት የጻፈው በሌላው ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር፤ አሁን የግዕዝ ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ በየትኛውም መስኮት ሊቀመጥ፣ ሊፈለግና ሊነጻጸር ቻለ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አፕል በማክ ላይ እስከ 16 የሚደርሱ ዴስክቶፖችን የሚያስተናግድ ስፔስስ የተባለ አሠራር ጨመረ። በ2011 ስፔስስን ሁሉንም መስኮትና ዴስክቶፕ በአንድ እይታ ከሚያሳይ ገጽ ጋር አዋሐደው። በዚያው ዓመት የወጣው ሦስተኛው ኖም ደግሞ የዴስክቶፕ ብዛት አስቀድሞ መወሰኑን ትቶ፣ ሥራ ሲጨመር አዲስ ዴስክቶፕ እንዲከፈት፣ ባዶ የቀረውም በራሱ እንዲጠፋ አደረገ። በመጨረሻ ሐምሌ 2015 ላይ የወጣው ዊንዶውስ 10 ዘዴውን ለብዙኃኑ ተጠቃሚ አደረሰ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። የጠበበው ስክሪን ነው፤ ሁለተኛ ስክሪን ከጎኑ ቢቆም ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? የሚል። አቅሙ ላለው ሁለተኛ ስክሪን ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን የማይክሮሶፍት ተመራማሪው ጆናታን ግሩዲን በ2001 ባወጣው ጥናት ሁለት ስክሪን የሚጠቀሙ ሰዎች ስክሪኖቹን እንደ አንድ ሰፊ ቦታ እንደማያዩአቸው አሳይቷል። አንዱን ለዋናው ሥራ ይሰጡታል፤ ሌላውን ለኢሜይል፣ ለማመሳከሪያ፣ በጎን ለሚጠባበቁት ነገር ያውሉታል። ሁለት ስክሪን ሲያገኙ ያደረጉት ሥራን ከሥራ መለየት ነው። ቪክቶር ጎንዛሌዝና ግሎሪያ ማርክ በ2004 ይህን ከሌላ ወገን አጠናከሩት። በቢሮ ሠራተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ሰዎች በአማካይ 10 በሚሆኑ የሥራ ዘርፎች መካከል ይመላለሱ ነበር፤ በአንዱ ዘርፍ የሚቆዩት 12 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። አሥር ዘርፍ ያለው ሰው አሥር ስክሪን ሊገዛ አይችልም። ለብዙው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ደግሞ ያለው መሣሪያ አንድ ላፕቶፕ ነው። ስለዚህ መለየቱ በሶፍትዌር መምጣት አለበት።

ወደ ብራናዎቹ እንመለስ። ማይክሮፊልሞቹ በዲጂታል ተገልብጠው በኢንተርኔት መታየት ጀምረዋል። በ2016 በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውሲ መሪነት የተጀመረው ቤተ መጻሕፍት የተሰኘ ፕሮጀክት የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎችን መግለጫ በአንድ የኢንተርኔት መዝገብ እያሰባሰበ ነው። ላሊበላ ባለችበት በላስታ የተነሣ ብራና አሁን አዲስ አበባ፣ ወልድያ ወይም ኮሌጅቪል ያለ ሰው ስክሪን ላይ ይከፈታል። ገድለ ነአኩቶ ለአብን የሚያጠና ሰው ሥራ ምን እንደሚመስል ቀርቦ ማየት ይቻላል። በመጀመሪያው ዴስክቶፕ ከግራ የብራናው ፎቶ፣ ከቀኝ የሚገለብጥበት ባዶ ሰነድ ይቆማል፤ ዓይኑ ከመስመር ወደ መስመር ይሻገራል፤ ሌላ ምንም አይታይም። በሁለተኛው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1943 ያሳተመው ንባብ ከራሱ ግልባጭ ጎን ይቀመጣል፤ እዚህ የሚሠራው ልዩነትን መመዝገብ ነው። ሦስተኛው የመዝገበ ቃላት ነው፤ የዲልማን የ1865 መዝገበ ቃላትና የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ እዚያ ይኖራሉ። ኢሜይሉና መልእክቱ አራተኛው ላይ ይቀራሉ። ግልባጩ ያለበት ሰነድ በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ስለሚያስፈልግ በሁሉም ዴስክቶፖች እንዲታይ ይደረጋል፤ ይህ ሄንደርሰንና ካርድ ካሰቡት ጓዝ ጋር ይቀራረባል። በዊንዶውስ ኮንትሮልን፣ የዊንዶውስ ቁልፍንና ዲን አንድ ላይ መጫን አዲስ ዴስክቶፕ ይከፍታል፤ በዲ ፈንታ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ታብ ሁሉንም በአንድ ላይ ያሳያሉ። አጥኚው ከሦስተኛው ቃሉን አይቶ ሲመለስ፣ የመጀመሪያው ዴስክቶፕ ፎቶውን በተወበት ገጽና መስመር ላይ ይዞ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ዘዴውን ሞክረው ከተዉት ነው። የተሰወረ መስኮት ይረሳል፤ ፋይሉ የቱ ጋ እንደተከፈተ ፍለጋው ከመደራረቡ ይብሳል ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆነው ዴስክቶፖቹ ያለ ሥርዓት ሲከፈቱ ነው። መስኮት በበዛ ቁጥር ወደ ባዶ ዴስክቶፕ የሚሸሽ ሰው አንዱን ክምር አምስት ቦታ በተነው እንጂ ሥራውን አልለየም። እያንዳንዱ ዴስክቶፕ የሥራ ስም ካለው፣ ቅደም ተከተሉም ከቀን ቀን ካልተቀያየረ፣ ፍለጋ አይኖርም፤ እጅ ራሱ ይለምደዋል። ዊንዶውስ ከ2020 ጀምሮ ለዴስክቶፖች ስም መስጠትን፣ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ለየዴስክቶፑ የተለየ የጀርባ ሥዕል ማድረግን መፍቀዳቸው ይህንኑ ተቃውሞ የሚመልስ ነው። የክፍሎች ሠሪዎችም በ1986 ሁሉንም በአንድ የሚያሳየውን ገጽ የጨመሩት ሰው በክፍሎቹ መካከል እንዳይጠፋ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ከኑሯችን የወጣ ነውና። ያገለገለ ላፕቶፕ አቅሙ ደካማ ነው፤ መብራትም ይሄዳል። ከአቅሙ እንጀምር። ዴስክቶፕ መጨመር ራሱ ማሽኑን የሚያከብደው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው፤ የሚያከብዱት የተከፈቱት ፕሮግራሞች ናቸው። ሥራ ሲለይ ደግሞ ያለቀው ዘርፍ የትኛው እንደሆነ ስለሚታይ፣ መስኮቶቹን በአንድ ጊዜ ዘግቶ ማሽኑን ማቅለል ይቀላል። መብራቱን በተመለከተ ግን ተቃዋሚው ትክክል ነው። ላሊበላ በ2021 ጦርነት ለወራት ያለ መብራት ቆይታለች፤ ባትሪው ሲያልቅ የተደረደረው ሁሉ ይበተናል። ዊንዶውስ የዴስክቶፖቹን ስም ቢያስታውስም የነበሩትን ፕሮግራሞች በየቦታቸው መልሶ አይከፍትም። ለዚህ ገና ምሉዕ መልስ የለም፤ ያለው ጥንቃቄ ሰነድን ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥና ፋይሎቹንም እንደ ዴስክቶፖቹ በየሥራው ፎልደር መለየት ነው። ፎልደሩ ከተለየ ዴስክቶፑን መልሶ ማቆም የደቂቃዎች ሥራ ይሆናል።

ከእነዚህ ዓመታት የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ቦታን ብቻ ያሰፉ ዘዴዎች፣ ጎን ለጎን የተደረደሩት መስኮቶችም ሆኑ ሰፊው ሜዳ፣ ወይ ተትተዋል ወይ ተቀይረዋል። ሥራን ከሥራ የለየው የ1986ቱ ሐሳብ ግን በማክም፣ በሊኑክስም፣ በዊንዶውስም ውስጥ ዛሬ ይሠራል። ሆኖም መሣሪያው በእጃችን እያለ ሳንጠቀምበት የምንቀረው ስላልተማርነው ነው። የኮምፒውተር መሠረታዊ ትምህርት የሚሰጡ ማሠልጠኛዎች ጽሑፍ መተየብና ሠንጠረዥ መሥራትን በሚያስተምሩበት ሰዓት ይህንንም ቢያስተምሩ ለተማሪው ብዙ ድካም ይቀርለታል። ብራና በዲጂታል ለሚመዘግቡ፣ ለሚያርሙና ለሚያስተያዩ ወጣት ባለሙያዎች ደግሞ ጥሪው የበለጠ ይመለከታቸዋል። ነገ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ዴስክቶፕ ክፈቱ፤ ለእያንዳንዱ የሥራውን ስም ስጡት፤ የሥራው ያልሆነውን መስኮት ሁሉ ከፊታችሁ አንሡ።